ዲፕሎማሲ ትልቅ ጦርነትን በእርግጥ ያስቀራል ወይስ በራሱ ጊዜ በቀረው ጦርነት ላይ ፊርማ ያኖራል?

ተመልካች (ጥያቄ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ጦርነት በፈነዳ ቁጥር «ዲፕሎማሲ ከሸፈ» ሲባል እንሰማለን፤ ጦርነት ሳይነሳ ሲቀር ግን ማን እንዳስቀረው የሚስማማ ሰው አይገኝም። አንዱ ምስጋናውን ለአደራዳሪው ይሰጣል፣ ሌላው ለሠራዊቱ ብርታት፣ ሦስተኛው ደግሞ «መጀመሪያውኑ የሚዋጋ አልነበረም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ያልተካሄደ ጦርነት የሟች ቁጥር ስለሌለው፣ ክርክሩ ዘወትር የከሸፈውን ብቻ እየቆጠረ ይሄዳል፤ በዚህ ሒሳብ ደግሞ ዲፕሎማሲ መቼም ቢሆን ሊረታ አይችልም።

«ትልቅ ጦርነት» ስል የጥቂት ቀናት የተኩስ ልውውጥን ማለቴ አይደለም፤ አገሮች ያላቸውን ኃይል ሁሉ አሰልፈው የሚገቡበትን፣ ጎረቤትንና አጋርን እየጎተተ የሚሰፋውን ነው። መጠየቅ የምፈልገውም ይህን ነው፦ ጦርነቱ ደጃፍ ላይ ደርሶ ሳለ ንግግር እንዳስቆመው በሰነድ ሊታይ የሚችል አጋጣሚ አለ ወይ? ካለስ የሠራው ንግግሩ ራሱ ነው ወይስ ከንግግሩ ጀርባ የቆመው ጦር? አንደኛው ወገን ለመዋጋት አስቀድሞ ቆርጦ ከሆነስ መደራደር ምን ፋይዳ አለው?

«ሁሉም ነገር በውይይት ይፈታል» የሚለውን ስብከትም፣ «ዓለም የሚገባው ጉልበት ብቻ ነው» የሚለውን ፉከራም ጠግቤያለሁና፣ ቀንና ስም ያለው ምሳሌ ብታቀርቡልኝ ደስ ይለኛል። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብንጽፍ ለማመሳከር ይቀለናል።

የሰነድ ወዳጅ

ሁለት ቀውሶችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ብመልስልዎ እመርጣለሁ፤ የ1914ቱንና የ1962ቱን። ሁለቱን የለያቸው የድርድሩ ብዛት አይደለም። እንዲያውም በ1914 ጁላይ ወር መጨረሻ በአውሮፓ ዋና ከተሞች መካከል የተመላለሰው ቴሌግራም ለብዙ ቅጾች የሚበቃ ነው፤ የጀርመኑ ካይዘርና የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ሳይቀሩ፣ የሥጋ ዘመዳሞች እንደመሆናቸው፣ «ዊሊ» እና «ኒኪ» እያሉ በእንግሊዝኛ ይጻጻፉ ነበር። ያጠረው ጊዜ ነው።

አልጋ ወራሹ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ሳራዬቮ ላይ የተገደለው ጁን 28 ቀን ሲሆን፣ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ለሰርቢያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሰጠችው ጁላይ 23 ቀን ነው። ይህን ሁሉ ቀን ስታብሰለስል የቆየች መንግሥት ለተቀባይዋ የፈቀደችው 48 ሰዓት ብቻ ነበር። ሰርቢያ አብዛኛውን ጥያቄ ተቀብላ፣ የኦስትሪያ ሹማምንት በሰርቢያ ምድር በሚካሄደው የፍርድ ምርመራ ይሳተፉ የሚለውን ግን ሳትቀበል ቀረች። የብሪታንያው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ግሬይ በጉዳዩ በቀጥታ ያልተነካኩ አራት ኃያላን ተሰብስበው እንዲሸመግሉ ሐሳብ አቀረበ፤ በርሊን አልቀበልም አለች። ከሁሉ የሚያሳዝነው ጁላይ 28 ጠዋት የሆነው ነው። ካይዘር ዊልሄልም የሰርቢያን መልስ ሲያነብ ለጦርነት የሚያበቃ ምክንያት እንዳልቀረ በሰነዱ ኅዳግ ላይ ጻፈ፤ ኦስትሪያም ቤልግሬድን ብቻ ይዛ እንድትቆምና ድርድር እንዲጀመር አሳሰበ። ሐሳቡ ለቪየና የደረሰው ግን ዘግይቶና ተለሳልሶ ነው፤ ኦስትሪያም በዚያው ቀን ጦርነት አወጀች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከአምባሳደሮች እጅ ወጥቶ ጦሩን በሚያጓጉዘው የባቡር ሰሌዳ ላይ ወደቀ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ጁላይ 29 ማታ ከካይዘሩ ቴሌግራም ደርሶት አጠቃላይ የክተት ትእዛዙን አስቁሞ ነበር፤ በማግስቱ ግን ጄኔራሎቹና ሚኒስትሩ «አንድ ቀን ብንዘገይ እንጠፋለን» ብለው መልሰው አስፈቀዱት። ጀርመንም በበኩሏ ሩሲያ ከመክተቷ በፊት ፈረንሳይን የመምታት ዕቅድ ነበራትና የሩሲያን ክተት እንደ ውጊያ መጀመሪያ ቆጠረችው። ኦገስት 1 ቀን ካይዘሩ ጦሩን ወደ ምሥራቅ ብቻ እናዙረው ሲል፣ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ሞልትከ ለዓመታት የተዘጋጀውን የሚሊዮኖች ጉዞ በአንድ ሌሊት መቀየር እንደማይቻል ነገረው። የአንድ ትልቅ አገር ንጉሠ ነገሥት በገዛ ሠራዊቱ የጊዜ ሰሌዳ ታሰረ ማለት ነው።

አሁን ወደ 1962 እንምጣ። ኬኔዲ በኩባ የተተከሉትን የሶቪየት ሚሳይሎች ፎቶግራፍ ያየው ኦክቶበር 16 ቀን ጠዋት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በአማካሪዎቹ ዘንድ ያየለው ሐሳብ የአየር ድብደባ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ግን ጉዳዩን እስከ ኦክቶበር 22 ንግግሩ ድረስ ለሕዝብ ሳይገልጽ ቆየ፤ በዚያ ፋታ ውስጥ ድብደባው ቀርቶ ወደ ኩባ የሚወስደውን የባሕር መንገድ በመርከቦች የመዝጋቱ አማራጭ ጎልቶ ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኡ ታንትም ሁለቱም ወገኖች ለጥቂት ሳምንታት እንዲታገሡ የጻፈው ደብዳቤ ለሶቪየቱ መሪ ለክሩሽቾቭ መርከቦቹን የሚያዘገይበት ሰበብ ሰጠው፤ ለአሜሪካ አልተንበረከከም፣ ለዓለም ድርጅት ጥሪ ምላሽ ሰጠ ይባልለታልና።

ኦክቶበር 27 ቀን አንድ የአሜሪካ ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን በኩባ ሰማይ ላይ ተመትቶ አብራሪው ሞተ። በዚያው ምሽት የፕሬዚዳንቱ ወንድምና የፍትሕ ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ኬኔዲ የሶቪየቱን አምባሳደር አናቶሊ ዶብሪኒንን ቢሮው አስጠርቶ አነጋገረው። የቀረበው ሐሳብ ሁለት ገጽ ነበረው፤ በግልጽ የሚነገረው አሜሪካ ኩባን እንደማትወር የሚገባው ቃል፣ በምስጢር የሚያዘው ደግሞ በቱርክ የተተከሉት የአሜሪካ ጁፒተር ሚሳይሎች ከጥቂት ወራት በኋላ እንደሚነሱ። ክሩሽቾቭ በማግስቱ ሚሳይሎቹን እንደሚያነሳ በሬዲዮ አሳወቀ፤ ጁፒተሮቹም በ1963 የጸደይ ወራት ተነሡ፤ ምስጢሩ ግን ለዓመታት ተሸፍኖ ቆየ።

እኛ «የማርያም መንገድ» የምንለው ይህ ነው። ዲፕሎማሲው የሠራው አንዱ ሌላውን በክርክር ስላሳመነ አይደለም፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ሲመለሱ በገዛ ሰዎቻቸው ፊት እንዳይዋረዱ መውጫው አስቀድሞ ስለተጠረገ ነው። ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስም ከዚህ ይመነጫል፦ ማንኛቸውም ያልፈለጉትን ጦርነት ዲፕሎማሲ ሊያስቀር ይችላል፤ የሚያስፈልገው ፋታና መውጫ ነው፤ በ1914 ሁለቱም አልነበሩም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶብሪኒን ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ በዚያ ቀውጢ ሰዓት ወደ ሞስኮ የሚልከው በምስጢር ጽሑፍ የተዘጋጀ መልእክት ኤምባሲው በር ላይ የሚረከበው የቴሌግራፍ ድርጅት ተላላኪ ነበር፤ ልጁም የሚመጣው በብስክሌት ነበር። አምባሳደሩ መልእክቱን አስረክቦ፣ ልጁ መንገድ ላይ እንዳይዘገይ ከመጸለይ በቀር የሚያደርገው አልነበረም። ዋሽንግተንንና ሞስኮን በቀጥታ የሚያገናኘው መስመር በ1963 የተዘረጋው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ሰው ቀይ ስልክ አድርጎ ያስበዋል እንጂ ሲጀመር የጽሑፍ መላኪያ ነበር።

ተጠራጣሪ

ከላይ የተጻፈው በጥሩ ሁኔታ የተተረከ ቢሆንም፣ ሚዛኑ ወደ አንድ በኩል ያጋደለ ይመስለኛል። 1962ን የዲፕሎማሲ ድል አድርጎ ለማቅረብ በመጀመሪያ ዕድልን ከሒሳቡ ማውጣት ያስፈልጋል። ዶብሪኒንና ሮበርት ኬኔዲ በሚነጋገሩበት በዚያው ኦክቶበር 27 ቀን፣ ቢ-59 የተባለችው የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ በአሜሪካ መርከቦች ተከብባ ነበር፤ የኒውክሌር ቶርፔዶም ጭናለች። ከበባውን የሚመራው ባሕር ኃይል ይህን አያውቅም። በመርከቧ ላይ የነበሩ ሰዎች በኋላ እንደተናገሩት፣ ካፒቴኑ ቶርፔዶው ለመተኮስ እንዲዘጋጅ ባዘዘ ጊዜ ያረጋጋው ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባለ መኮንን ነው። ይህ ሰው በዚያች መርከብ ባይገኝ ኖሮ፣ በዋሽንግተን የተጠረገው የማርያም መንገድ ምን ይጠቅም ነበር?

ሁለተኛው ቅሬታዬ ጠንከር ያለ ነው። ዲፕሎማሲ አጥቂው የማይፈልገውን ጦርነት ሊያስቀር እንደሚችል ማንም አይክድም፤ ይህማ እንዲሁም ሊቀር የሚችል ነበር። ጥያቄው ቆርጦ የተነሣ ሰው ሲመጣ ነው። በዚህ ረገድ ከሁሉ የተሟላው መረጃ በ1934 ዲሴምበር ከወልወል ግጭት በኋላ ኢትዮጵያ ለመንግሥታቱ ማኅበር ያቀረበችው አቤቱታ ነው፤ ምክንያቱም በሕጉ የተጻፈው ሁሉ አንድ በአንድ ተሞክሯል። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ነበረች፤ አቤት አለች፤ ግልግሉን ተቀበለች፤ ጦሯን ከድንበር እስከ ማራቅ ድረስ ታገሠች። የግልግል ኮሚሲዮኑ በ1935 ሴፕቴምበር መጀመሪያ በወልወሉ ግጭት ሁለቱንም ወገኖች ጥፋተኛ ሳያደርግ ቀረ፤ ጣሊያን ግን ስንቅና ጦር በስዊዝ ቦይ ስታሻግር ቆይታ ኦክቶበር 3 ቀን ወረራውን ጀመረች።

ከዚያ በኋላ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልጨመረም፤ ቦዩም አልተዘጋም። በዲሴምበር 1935 የብሪታንያው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል የአገሪቱን ሰፊ ክፍል ለወራሪው የሚሰጥ ስምምነት በድብቅ ነድፈው፣ ወሬው በፓሪስ ጋዜጦች ሲወጣ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ቆመው ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ ከቀናት በኋላ ማኅበሩ ማዕቀቡ እንዲነሳ ወሰነ። ልብ በሉ፣ በዚህ ጊዜ ሁሉ ዲፕሎማሲ አልቦዘነም፤ እጅግ ሥራ በዝቶበት ነበር። የለንደንና የፓሪስ ዲፕሎማሲ ዋና ዓላማ ግን ሙሶሊኒን ከሂትለር ጎን እንዳይሰለፍ ማባበል እንጂ ጦርነቱን ማስቀረት አልነበረም። ውጤቱም ሁለቱንም ማጣት ሆነ።

ሌላውን ባጭሩ አልፈዋለሁ። በ1938 ሴፕቴምበር መጨረሻ ሙኒክ ላይ የቼኮዝሎቫኪያ ምድር ሲቆረስ ባለቤቷ በጠረጴዛው ዙሪያ አልተቀመጠችም፤ ከስድስት ወር በኋላ ጀርመን ፕራግ ገባች። በ1941 የጃፓን ልዑካን ዋሽንግተን ውስጥ ሲደራደሩ፣ ፐርል ሀርበርን የሚመታው የመርከብ ጓድ ኖቬምበር 26 ቀን ጉዞ ጀምሮ ነበር። ለቆረጠ አጥቂ ከአንገት በላይ የሆነ ድርድር እንደ መጋረጃ ነው፤ ለተጠቂው ግን መዘናጊያ ይሆንበታል። እስካሁን ትልቁን ጦርነት ያስቀረው፣ በእኔ ግምት፣ የኒውክሌር ፍርሃት ነው፤ አምባሳደሮቹ የፍርሃቱ ጸሐፊዎች ናቸው።

የደቡብ ባሕር

ተጠራጣሪው «ያስቀረው የኒውክሌር ፍርሃት ነው» ባሉት ላይ አንድ ምሳሌ ላቅርብ፤ በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይነሳ፣ ነገር ግን ለጠያቂው የመጀመሪያ ጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ ነው።

አርጀንቲናና ቺሊ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በቢግል የባሕር ወሽመጥ መውጫ ላይ ባሉ ሦስት ትናንሽ ደሴቶች ለዘመናት ይካሰሱ ነበር፤ ፒክቶን፣ ሌኖክስና ኑዌቫ ይባላሉ። ዋናው ነገር ደሴቶቹ አልነበሩም፤ ከእነሱ ጋር የሚመጣው የባሕር ክልልና ወደ አትላንቲክ የመውጣት መብት ነበር። በ1977 የተሰጠው የግልግል ውሳኔ ደሴቶቹን ለቺሊ አደረገ፤ አርጀንቲና በ1978 ጃንዋሪ ውሳኔውን ዋጋ ቢስ ነው ብላ ጣለችው። ሁለቱም አገሮች በወታደሮች ይገዙ ነበር፤ ሁለቱም ጦራቸውን ወደ ድንበር አስጠጉ። በ1978 ዲሴምበር አርጀንቲና የወረራውን ቀን ቆርጣ መርከቦቿን አሰማርታ ነበር። ይህ የወሬ ጉዳይ አይደለም፤ ዘመቻው ስም ሳይቀር ወጥቶለታል፤ ሶቤራኒያ፣ ማለትም ሉዓላዊነት ይባል ነበር።

ዲሴምበር 22 ቀን፣ ጦሩ ሊንቀሳቀስ ሰዓታት ሲቀሩት፣ በዚያው ዓመት የተሾሙት ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የግል ልዑካቸውን እንደሚልኩ አስታወቁ፤ አርጀንቲናም ዘመቻውን አቆመች። ልዑኩ ካርዲናል አንቶኒዮ ሳሞሬ ከቀናት በኋላ ቦነስ አይረስ ደርሰው በሁለቱ ዋና ከተሞች መካከል ተመላለሱ፤ ጃንዋሪ 8 ቀን 1979 ሞንቴቪዴዮ ላይ ሁለቱም ወገኖች ኃይል ላለመጠቀምና ጦራቸውን ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ ፈረሙ። እዚህ ላይ የኒውክሌር ቦምብ የለም፤ የቫቲካንም ጦር አንድን ድንበር የሚያስከብር አይደለም። አርጀንቲና ያገኘችው በቺሊ ግፊት ተሸንፋ ሳይሆን ለጳጳሱ ታዝዛ የቆመች የምትመስልበትን መንገድ ነው፤ ለካቶሊክ አገር መሪዎች ደግሞ ይህ ውርደት አይደለም።

ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ወይም ያልሆነው። ጳጳሱ በ1980 ዲሴምበር ሐሳባቸውን አቀረቡ፤ ቺሊ ተቀበለች፣ አርጀንቲና ግን አልተቀበለችውም። ድርድሩ ለዓመታት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። በዘመኑ የነበረ ታዛቢ «ከሸፈ» ቢል አይፈረድበትም ነበር። ነገር ግን በዚያ አሰልቺ ጊዜ ውስጥ በቦነስ አይረስ ብዙ ነገር ተለወጠ፤ በ1982 ወታደሮቹ በፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት ተሸነፉ፣ በ1983 መጨረሻ የተመረጠ መንግሥት ሥልጣን ያዘ፣ አዲሱ መንግሥት ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበ፣ ሕዝቡም በከፍተኛ ድምፅ ደገፈው፤ የሰላምና የወዳጅነት ውሉም ኖቬምበር 29 ቀን 1984 ቫቲካን ውስጥ ተፈረመ። ደሴቶቹ ለቺሊ ጸኑ፤ በባሕሩ ላይ ግን አርጀንቲና የምትፈልገውን ብዙውን አገኘች። አደራዳሪው ያን ሁሉ ዓመት የሠራው ዋና ሥራ መልስ መፈለግ አልነበረም፤ ለውል የሚበቃ መንግሥት እስኪመጣ ድረስ ማንም ከጠረጴዛው እንዳይነሳ ማድረግ ነበር።

ተመልካች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የቢግሉን ታሪክ ከዚህ በፊት አላውቀውም ነበር። ሆኖም ከሦስቱ መልሶች አንድ ችግር ሲወጣ አያለሁ። የሰነድ ወዳጅ «ማንም ያልፈለገው ጦርነት» ይላሉ፣ ተጠራጣሪ ደግሞ «ቆርጦ የተነሣ አጥቂ» ይላሉ፤ ሁለቱም የሚታወቁት ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ መዝገብ ቤቱ ሲከፈት ነው። የአርጀንቲና ወታደሮች በዲሴምበር 21 ቀን 1978 ቆራጥ አጥቂዎች ነበሩ፤ በማግስቱ አልነበሩም። በቀውሱ መሐል ያለ ሰው ፊት ለፊቱ የተቀመጠው የትኛው እንደሆነ በምን ሊለይ ይችላል?

ተጠራጣሪ

ይህ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ቢግል ሁለት መካከለኛ ኃይል ያላቸውን አገሮች የሚመለከት ስለሆነ ለታላላቆቹ ያን ያህል ይሠራል ብዬ አላምንም፤ የመለያው ነገር ግን ከመጠን በላይ አስቸጋሪ አይመስለኝም። እኔ የማየው ንግግሩን ሳይሆን ሰውየው ከጊዜ ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። መዋጋት የሚፈልግ ሰው ቀነ ገደቡን ያሳጥራል፣ ጥያቄውንም እንቢ እንዲባል አድርጎ ያዘጋጀዋል፤ የኦስትሪያው 48 ሰዓት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሂትለርም ቢሆን ሙኒክ ላይ የጠየቀውን ከሞላ ጎደል አግኝቶ ሳለ ጦርነቱን ስለተነፈገ ሲበሳጭ ነበር።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ ጊዜ ተሰጥቶት የማይጠቀምበት አለ። ኢራቅ ኩዌትን የወረረችው ኦገስት 2 ቀን 1990 ነው፤ የጸጥታው ምክር ቤት እስከ ጃንዋሪ 15 ቀን 1991 ጊዜ ሰጣት። ጃንዋሪ 9 ቀን የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከርና የኢራቁ አቻው ጣሪቅ አዚዝ ጄኔቫ ውስጥ ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ቤከር ከፕሬዚዳንት ቡሽ ለሳዳም ሁሴን የተጻፈ ደብዳቤ አቀረበ፤ አዚዝ ግልባጩን በጥሞና አንብቦ ሲጨርስ የደብዳቤው አነጋገር ለአገር መሪ የሚመጥን አይደለም ብሎ አልወስድም አለ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። የመልእክቱ ይዘት አዲስ አልነበረም፤ አዚዝ ግን ወስዶ ለጌታው የሚያደርስ ሰው ለመሆን አልደፈረም ወይም አልፈለገም። መልእክተኛው እውነቱን ለአለቃው ለመናገር በማይችልበት አገዛዝ ዘንድ የማርያም መንገድ ብትጠርግለት እንኳ አያየውም፤ ይህ በእኔ ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ምልክት ነው።

የሰነድ ወዳጅ

በጊዜ ጉዳይ ላይ ከተጠራጣሪ ጋር እስማማለሁ፤ በኢትዮጵያው ምሳሌ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለኝ። እዚያ የከሸፈው ድርድር ነው ብሎ መደምደም ለለንደንና ለፓሪስ የማይገባቸውን ምሕረት መስጠት ነው። የነዳጅ ማዕቀብ በእጃቸው ነበር፤ ቦዩም በእጃቸው ነበር፤ ሙሶሊኒ ራሱ በኋላ ለሂትለር ሲናገር ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ለመውጣት ይገደድ እንደነበረ ገልጿል። ጦርነቱን የሚያስቀረው መሣሪያ ተመዝኖ፣ ይጎዳናል ተብሎ፣ ሆን ተብሎ ወደ ጎን ተደረገ። የተበዳዩን አቤቱታ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ አደራዳሪ በድርድር ስም ይጠራ እንጂ ሥራው ሌላ ነው።

ስለዚህ «ዲፕሎማሲ ወይስ ኃይል» የሚለው አከፋፈል ራሱ የሚያግዝ አይመስለኝም። በ1962 በባሕሩ ላይ የቆሙት መርከቦች ባይኖሩ ዶብሪኒን የሚቀበለው መልእክት ክብደት አይኖረውም ነበር፤ መልእክቱ ባይኖር ደግሞ መርከቦቹ ብቻቸውን ቢ-59ን ወደ መተኮስ ይገፏት ነበር። አርኪፖቭን በዕድል መዝገብ ላይ ማስፈሩንም ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ዕድል የሚሠራው ጊዜ ሲያገኝ ነው። ኬኔዲ ኦክቶበር 17 ቀን ቦምብ ቢያዘንብ ኖሮ ለአርኪፖቭ የሚደርስ ተራ አልነበረም።

ውል ተከታታይ

ዘግይቼ በመግባቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ውይይቱ ሁሉ በቀውስ ቀናት ላይ በመወሰኑ አንድ ነገር የቀረ ስለመሰለኝ ነው። በቀውስ ጊዜ የሚሠራው ድርድር ከብዙ ዓመት በፊት በተሠራ አሰልቺ ሥራ ላይ የቆመ ነው፤ ጋዜጣም አይጽፈውም።

በ1972 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የባሕር ኃይሎቻቸው በውቅያኖስ ላይ ሲገናኙ እርስ በርስ እንዳይገጫጩና አንዱ በሌላው ላይ መሣሪያ አነጣጥሮ እንዳያስፈራራ የሚደነግግ ስምምነት ተፈራረሙ። ስለ ፍቅር ምንም አይልም፤ የሚናገረው ስለ ርቀትና ስለ ምልክት ነው። በ1987 የተፈረመው የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎች ውል ደግሞ 2,692 ሚሳይሎች እንዲወድሙ አድርጓል፤ ለእኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚደንቀኝ የፍተሻው አሠራር ነው። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች በሩሲያዋ ቮትኪንስክ ከተማ በሚገኘው የሚሳይል ፋብሪካ በር ላይ፣ የሶቪየት ተቆጣጣሪዎችም በዩታ ግዛት በማግና በሚገኘው ፋብሪካ በር ላይ ሰፍረው፣ የሚወጣውን ጭነት እየለኩ በውሉ የተፈቀደላቸውን 13 ዓመት ኖሩ። ከበሩ የወጣ ረጅም ጭነት ሁሉ በእነዚህ ሰዎች ፊት ያልፋል። ጠያቂው «ፊት ለፊቴ ያለው የትኛው ዓይነት ሰው እንደሆነ በምን ልለይ» ላሉት፣ ከሁሉ የተሻለው መልስ ይህ ይመስለኛል፤ የሰውየውን ልብ ለማወቅ መጨነቅን ትቶ የፋብሪካውን በር ማየት።

ተጠራጣሪ «ታዲያ የት አለ?» ቢሉኝ ተገቢ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ሩሲያን በጣሽው ብላ በ2019 ኦገስት ከዚያ ውል ወጣች። በ2010 የተፈረመው አዲሱ የስትራቴጂክ (የረጅም ርቀት ኒውክሌር) መሣሪያዎች ውል የመስክ ፍተሻም በ2020 ማርች በወረርሽኙ ምክንያት ቆመ፤ ሁለቱም ወገን ለጊዜው ነው ብለው ነበር፤ ሳይቀጥል ቆይቶ ሩሲያ በ2023 ፌብሩዋሪ በውሉ መሳተፏን አገደች። ፊርማ ብቻውን እንደማይበቃም የ1994ቱ የቡዳፔስት ሰነድ ይመሰክራል፤ ዩክሬን በምድሯ ላይ የነበረውን የኒውክሌር መሣሪያ አስረክባ ድንበሯ እንደሚከበር ሩሲያን ጨምሮ ከኃያላኑ ቃል ተሰጣት፤ ቃሉ ሲፈርስ ግን ማን ምን እንደሚያደርግ ሰነዱ ከመመካከርና ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ከመምራት በቀር አልወሰነም፤ በምክር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣን ካላቸው አንዷ ሩሲያ ራሷ ነች።

ስለዚህ ጠያቂው ቀጣዩን ትልቅ ጦርነት ዲፕሎማሲ ያስቀረው እንደሆነ ለመገመት ከፈለጉ፣ መሪዎች በጉባኤ ላይ ሲጨባበጡ የተነሡትን ፎቶግራፍ ባይመለከቱ እመክራለሁ። ተቆጣጣሪዎች ወደ ጣቢያዎቹ ተመልሰው እንደሆነ፣ በወታደራዊ አዛዦች መካከል ያለው መስመር ሲደወል የሚያነሳው ሰው መኖሩን፣ የሚሳይል ሙከራ ከመደረጉ በፊት ማስታወቂያው አሁንም ይላክ እንደሆነ ይጠይቁ።